ባለ ሦስት ክፍል የቆሻሻ መለያ ቅርጫት፦ ዕቃው ጥሩ፣ ምልክቱ አሳሳች

ሦስት ተነቃይ ባልዲዎች አሉት፤ ሁለቱ 15፣ ሦስተኛው 10 ሊትር ይይዛሉ። ለየብቻ ወጥተው መታጠባቸው ትልቁ ጥቅሙ ነው። ክዳኑ ግን ጥብቅ ስለሆነ የምግብ ትራፊ አየር ያጣና ቶሎ ይሸታል። ትራፊው በሚገባበት ትንሹ ባልዲ ውስጥ፣ ከሥሩ፣ የተቀደደ ካርቶን ቢነጠፍ እርጥበቱን ይመጥጣል።

ዋናው ቅሬታችን ፕላስቲክ በሚጣልበት ባልዲ ላይ የተለጠፈው ባለ ሦስት ቀስት ምልክት ነው። ብዙ ሰው ይህ ምልክት ያለበት ዕቃ ሁሉ እንደገና ጥቅም ላይ የሚውል ይመስለዋል። በመካከሉ የሚታተመው ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር ግን የሚናገረው የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው። 1 (የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ) እና 2 (የሻምፑና የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ) በአብዛኛው ተቀባይ አላቸው፤ 3 እና 6 ብዙ ጊዜ የላቸውም። ጥቁር ፕላስቲክንም በፋብሪካ ቆሻሻ የሚለየው ማሽን የኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታይ) ብርሃን ብዙውን ጊዜ አያውቀውም።

የቅርጫቱ መመሪያ የሚጣለውን ዕቃ ሁሉ በሳሙና እጠቡ ይላል፤ አያስፈልግም። ባዶ አድርጎ ዕቃ በታጠበበት ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል። ዘይት የጠጣ ወረቀት ግን ከንጹሑ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ ወረቀቱ በፋብሪካ በውሃ ሲፈታ ዘይቱ አብሮ ይሰራጭና የሚወጣውን አዲስ ወረቀት ያበላሻል። የተለየውን በፌስታል ቋጥሮ ማውጣትም ስህተት ነው፤ ፌስታሉ በመለያ ማሽኑ ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ ሥራ ያስቆማል። ባልዲውን በቀጥታ መገልበጥ ይሻላል።

ለብርጭቆ ክፍል የለውም። ስብርባሪው ወረቀት ውስጥ ስለሚሰገሰግ ጠርሙስ በሌላ ጠንካራ ካርቶን ይቀመጥ።