ስምንት ወር ከታማሚ ኮንሶል ጋር

ያገለገለውን የጌም መጫወቻ ማሽን፣ ኮንሶሉን ማለቴ ነው፣ የገዛሁት ቀን ይሠራ ነበር። ሻጩ ዓይኔ እያየ አብርቶ፣ ሲዲ አስገብቶ የአንድ እግር ኳስ ጌም መክፈቻ አሳየኝ። ጠቅላላው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። የሸወደችኝም ያቺው አሥር ደቂቃ ናት። የኮንሶል ሕመም የሚወጣው ማሽኑ ሲግል ነው፤ በአሥር ደቂቃ ገና ለብ እንዳለ ነው።

እቤት ስደርስ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ቁጭ አልን። ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ማቀዝቀዣው ፋን ማጓራት ጀመረ። «ሊነሳ ነው፣ ቀበቶ እንሰር» አለ ወንድሜ። ሳቅን። 40ኛው ደቂቃ አካባቢ ስክሪኑ ላይ የሙቀት ማስጠንቀቂያ መጣና ማሽኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ከዚያ በኋላ አልሳቅንም።

የማሽኑን ስም አልጠራም። እ.ኤ.አ. በ2013 ከተጀመረው ትውልድ ነው፤ ሲዲ ያነባል፣ ውስጡ የሚሽከረከር 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው። ከእኔ በፊት ስንት እጅ እንዳለፈ፣ ማን ምን እንዳደረገበት አይታወቅም። በአምራቹ ላይ መፍረድ ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል። ደግሞ ካበላሸው ሰው አንዱ እኔ ነኝ፤ እደርስበታለሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን አደረግሁ። ኬብል ቀየርኩ፣ ማሽኑን ከቴሌቪዥኑ ስር ካለው ሳጥን አወጣሁት፣ ሶፍትዌሩን አደስኩ፣ ከውጭ በብሩሽ ጠረግሁት። ማታ ላይ ድምፁ ትንሽ ቀነሰ። የትኛው ነው የቀነሰው? አላውቅም። እስከ ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ደብተር ያዝኩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እቀይራለሁ፣ ከዚያ ያንኑ ጌም ከፍቼ ፋኑ እስኪያጓራ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እጽፋለሁ። ስምንቱን ወር ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ያገለገለኝ ይኸው ደብተር ነው።

ወዲያው የጠቀመኝ በምስሉ ጉዳይ ነበር። ስክሪኑ አልፎ አልፎ ለአንድ ሰከንድ ጥቁር ይሆን ነበር። ያነበብኩት ሁሉ «ቺፑ እየሞተ ነው» ይላል፤ ቺፑ የማሽኑ አንጎል ነው። ማሽኑን ልከፍት ካቻቢቴ ይዤ ከተቀመጥኩ በኋላ ደብተሩ ትዝ አለኝ። ምስል ወደ ቴሌቪዥኑ የሚወስደውን ያንኑ ኤችዲኤምአይ ኬብል ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። ቴሌቪዥኑ ላይ የላፕቶፑም ምስል ያው ጥቁር ሆነ። ማሽኑ አይደለም በቃ፤ ኬብሉ ሳይሆን አይቀርም። አጋጣሚውን ተጠቅሜ ኬብሉ የሚሰካበትን የማሽኑን ቀዳዳ በስልክ ባትሪ አየሁት። ውስጡ 19 ቀጫጭን እግሮች ተደርድረዋል። ከጀርባ በጨለማ እየዳበሱ ኬብል የሚገፉ ሰዎች የሚያጎብጡት እነሱን ነው። የእኔዎቹ ደህና ናቸው። ከጎበጡ ግን ቀዳዳውን አንስቶ ሌላ መበየድ ይጠይቃል፤ ያ እንደ እኔ ላለ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም።

ወደ ሙቀቱ እንመለስ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና። ይህ ማሽን የተዘጋው ኮከብ ቅርጽ ባላቸው ብሎኖች ነው፤ መሃላቸው ላይ ትንሽ ጉብታ አለች፣ ተራ ካቻቢቴ እንዳይገባ። እኔ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ልፈታ ታገልኩና የአንዷን ብሎን ራስ ፈጨሁት። በመጨረሻ በመከራ ወጣች፣ ግን ከዚያ በኋላ ለምንም አትሆንም። ትክክለኛውን ጫፍ መጀመሪያ መግዛት ነበረብኝ።

ውስጡን ስከፍት ያየሁትን ፎቶ አንስቼዋለሁ። ሙቀት የሚያስተነፍሰው ብረት ስስ ስስ ቅጠል አለው፤ ፋኑ አየር ስቦ በነዚያ ቅጠሎች መሃል ያስወጣል። የእኔ ማሽን ላይ ቅጠሎቹ አይታዩም። ፊታቸው ላይ ግራጫ ብርድ ልብስ የመሰለ አቧራ ተነጥፏል። አየሩ መውጫ ሲያጣ ቺፑ ይግላል፤ ቺፑ ሲግል ማሽኑ ፋኑን ያፈጥናል፤ ፋኑ ሲፈጥን ደግሞ ይበልጥ አቧራ ይስባል። ያ ሁሉ ጩኸት ሕመሙ አይደለም፣ የእርዳታ ጥሪው ነው። ፋን ብቻ ቀይረው ጩኸቱ ያልተዋቸው ሰዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ብርድ ልብሱን በወረንጦ እየቆነጠርኩ አነሳሁት፣ ቀሪውን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ከዚያ በታመቀ አየር። አየር ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት። ነፃ ከተለቀቀ ከሥራው በላይ ይሽከረከራል፣ ኩሽኔታውን ይጎዳል፤ ሞተር በእጅ ሲሽከረከር ደግሞ እንደ ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ ያመነጫልና ወደ ቦርዱ ሊልከው ይችላል። የቤት መጥረጊያ ቫኪዩም ውስጡ አታስገቡ፤ ስታቲክ፣ ማለትም በመፋተግ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ ይፈጥራል።

ደብተሬ ላይ፦ ከጽዳቱ በፊት 40 ደቂቃ፣ ከጽዳቱ በኋላ 1 ሰዓት ከ25። ጥሩ ነው፣ ግን አልዳነም።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ በቺፑና ሙቀት በሚያስተነፍሰው ብረት መሃል የሚቀባውን ተርማል ፔስት ቀየርኩ። ቺፑና ብረቱ ሲነካኩ ለዓይን ለጥ ያሉ ይመስላሉ እንጂ መሃላቸው በአየር የተሞላ ጥቃቅን ክፍተት አለ። አየር ደግሞ ሙቀት አያስተላልፍም ማለት ይቻላል። ፔስቱ ያንን ክፍተት ነው የሚሞላው። የእኔው ደርቆ ጠመኔ ሆኗል፣ በጥፍር ስነካው ተፈረፈረ። ከ90 ፐርሰንት በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠርጌ፣ እስኪደርቅ ጠብቄ አዲሱን አደረግሁ። የመጀመሪያው ሙከራዬ ላይ ግድግዳ የምቀባ ይመስል አበዛሁት፤ በየጎኑ ተጨመቀና እንደገና ጠረግሁ። አተር የምታክል ትበቃለች። ብሎኖቹንም ከአንዱ ጥግ ወደ ትይዩው ጥግ እየተሻገሩ፣ ጥቂት በጥቂት ነው ማጥበቅ፤ አንዱን ጥግ ጨርሶ ወደሌላው መሄድ ብረቱን ያንጋድደዋል።

ዘጋሁት። የማብሪያውን ቁልፍ ነካሁ። ዝም። እንደገና ነካሁ። ዝም። ላብ አጠመቀኝ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ «ገደልከው እንዴ?» አለ። ሩብ ሰዓት ያህል ቁጭ ብዬ ከቆየሁ በኋላ መልሼ ከፈትኩት። ቁልፉን ከዋናው ቦርድ፣ ከማዘርቦርዱ የምታገናኘው ጠፍጣፋ ፍላት ኬብል አልተሰካችም። ሰካኋት፣ በራ። ስትከፍቱ ፎቶ አንሱ የምትባለው ምክር ለምን እንደምትደጋገም ያኔ ገባኝ። እኔ አቧራውን እንጂ ኬብሎቹን አላነሳሁም ነበር።

ከፔስቱ በኋላ ማስጠንቀቂያው አልተመለሰም። ፋኑ ግን አንድ ጌም ላይ ካርታ ስከፍት አሁንም ያጓራል። ውጊያ ላይ ዝም ብሎ ካርታ ላይ መጮኹ ግራ አጋብቶኝ ነበር። ለካ አንዳንድ ጌሞች ሜኑ ላይ የፍሬም ገደብ፣ ማለትም በሰከንድ በሚሣለው ምስል ብዛት ላይ ገደብ፣ አያደርጉም፤ ማሽኑ ባዶውን ካርታ በቻለው ፍጥነት ደጋግሞ ይሥላል። ያ ብልሽት አይደለም። ካርታውን ከፍቼ ሻይ ልጠጣ አልሄድም እንጂ ትቼዋለሁ።

ስለ ሙቀት ሳነብ ያገኘሁት አንድ ምክር አለ፦ ማሽኑን በፎጣ ጠቅልላችሁ አብሩት፣ ሲግል የተሰነጠቀው ብየዳ ይመለሳል የሚል። በማይክሮሶፍቱ ኮንሶል በኤክስቦክስ 360 ዘመን የተወለደ ነው። ያ ማሽን እ.ኤ.አ. በ2005 ወጥቶ ሲበላሽ በሚያበራው ቀይ መብራት ስሙ ጠፋ፤ ማይክሮሶፍት በ2007 ለዚያ ችግር ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መዝግቧል። ችግሩን የሚያባብሰው መጋልና መቀዝቀዝ መፈራረቁ ነው፣ ፎጣው ደግሞ በእሳት ላይ ቤንዚን። ለቀናት ሊሠራ ይችላል፤ ከዚያ የባሰ ይመጣል። ጌም ማሽኑ ላይ በሚከተት ካርትሪጅ፣ በፕላስቲክ ሣጥን ይመጣ በነበረበት ዘመን ሰዎችም ጌሙ እምቢ ሲል አፋቸውን አስጠግተው እፍ ይሉ ነበር። የሚሠራው እፍታው ሳይሆን አውጥቶ መልሶ መክተቱ ነው፤ ትንፋሽ እርጥበት አለውና እግሮቹን ያዝጋል።

ሃርድ ዲስኩ በአራተኛው ወር መንተባተብ ጀመረ። ጌም መሃል ላይ ቀጥ ይላል፣ ከአምስት ሰከንድ በኋላ ይቀጥላል። መጀመሪያ ሴቮቹን፣ ጌሞቹ ውስጥ የደረስኩበትን የሚይዙትን ፋይሎች፣ በሙሉ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። ይህን ሳታደርጉ ዲስክ አትንኩ። ከዚያ በሴፍ ሞድ (ማሽኑን ለጥገና በሚከፍተው ሜኑ) ገብቼ ዳታቤዙን፣ የዲስኩን የፋይል ማውጫ፣ እንዲያስተካክል አደረግሁ፤ ለሳምንት ያህል ተሻለው። በመጨረሻ ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ፣ ገዝቼ ቀየርኩት። ከሁሉ ቀላሉ ሥራ ይህ ነበር፣ ዲስኩን ከማሽኑ ለማውጣት የተፈታው አንድ ብሎን ነው። በሰዓት የለካሁት አንድ ጌም ለመክፈት 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ይፈጅ ነበር፣ አሁን 1 ደቂቃ ከ5። ምስሉ አልተዋበም፣ ፍሬሙም አልጨመረም፤ ያንን የጠበቀ ገንዘቡን ያቆይ።

ኮንትሮለሩ ላይ የግራው አናሎግ፣ በአውራ ጣት የሚገፋው ዱላ፣ ሳይነካ ወደ ላይ ይሄድ ነበር። ውስጡ ያለው መለኪያ በመፋተግ ስለሚሠራ ከጊዜ ጋር ያልቃል። በአልኮል ማጽዳቱ ሁለት ሳምንት ሰጠኝ። አሁን ጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ዴድ ዞኑን፣ ትንሽ ንቅናቄ ችላ የሚባልበትን ክልል፣ ከፍ አድርጌ እጫወታለሁ።

ሲዲ ማንበቢያውን አላሸነፍኩትም። ሌንሱን አጸዳሁ፣ ምንም። ሲዲውን የሚስበውን ጎማ አጸዳሁ፣ ትንሽ ተሻለ። ሌላ ማንበቢያ ልግዛ ብዬ ሳጣራ የማንበቢያው ቦርድ ከማዘርቦርዱ ጋር የተጋባ ነው፤ ከሌላ ማሽን የመጣውን አይቀበልም። የራሱን ቦርድ ነቅሎ አዲሱ ላይ መግጠም ይጠይቃል። ገና አልደፈርኩም። ማሽኑን ኤሌክትሪክ የሚመግበውን ክፍል፣ ፓወር ሰፕላዩን ደግሞ ፈጽሞ አልከፍትም። ከሶኬት ተነቅሎም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ውስጥ ኤሌክትሪክ ይቆያል።

አሁን በየሦስት ወሩ ከውጭ እጠርገዋለሁ፣ በየጎኑ ባዶ ቦታ ትቼለታለሁ፣ ፔስቱን ግን ድምፁ ካልተመለሰ አልነካም። ደግሜ ልግዛ ብል እገዛለሁ፣ ግን ሻጩ ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ እጫወታለሁ። ካልፈቀደ ትቼው እሄዳለሁ። ካቻቢቴ መያዝ የማይወድ ሰው ግን አሮጌ ማሽን አይግዛ።

የትናንቱ የደብተሬ መስመር እንዲህ ይላል፦ 2 ሰዓት ከ20፣ ፋን ዝም፣ ሲዲ ሁለቴ ተፋ፣ አንድ ብሎን ጎደሎ።