ሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 (ቲ)፦ ጠመንጃው እውነተኛ ነው፣ «ቁጥሩ ሁሉ የገጠመ» ማለታቸው ግን ውሸት ነው

ይህን ጠመንጃ «ቁጥሩ ሁሉ የገጠመ» ተብሎ ከተሸጠልኝ ወራት አልፈዋል። ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ነገር ነው። የሰደፉ አንገት (እጅ የሚጨብጠው ቀጭኑ ክፍል) ላይ የተመታው ቁጥርና የማነጣጠሪያ መነጽሩ ላይ ያለው ቁጥር አይገጥሙም።

ጠመንጃውን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ቁጥር 4 (ቲ) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር አነጣጥሮ ተኳሾች የያዙት ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሲፈተሽ አሳምሮ የሚመታው ተመርጦ ይወጣል። ከዚያ አብዛኛው ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ወደተባሉት የለንደን የአደን ጠመንጃ ሠሪዎች ይላካል። እነሱ ከ1942 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ከ23,000 በላይ አዘጋጅተዋል። በግራ ጎኑ የመነጽር መቀመጫ ይገጥሙለታል። ሰደፉ ላይ የጉንጭ ማስደገፊያ እንጨት ይጨምሩበታል። ሦስት እጥፍ የሚያቀርበውን ቁጥር 32 መነጽር ይጭኑበታል። ይህ መነጽር መጀመሪያ የታሰበው ለብሬን መትረየስ ነበር።

መነጽሩና ጠመንጃው እንደ ጥንድ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ የመነጽሩ ቁጥር ሰደፉ አንገት ላይ፣ እንጨቱ ላይ ይመታል። የጠመንጃው ቁጥር ደግሞ መነጽሩን በሚያቅፈው ብረት ላይ ይመታል። ሰብሳቢ ትልቁን ገንዘብ የሚከፍለው ለዚህ ነው። ቁጥሩ በገጠመና ባልገጠመ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የሰማይና የምድር ነው።

ስገዛው አንገቱ ላይ ጥቁር ቅባት የመሰለ ነገር ደርቆበት ነበር። ሻጩ «እድሜ ያበላሸው ነው፣ አይነበብም፤ ግን የያዘው ብረት ላይ ያለውን ተመልከት፣ ገጥሟል» አለኝ። እውነትም ብረቱ ላይ ያለው የጠመንጃው ቁጥር ነው። ከዚያ እየወለወልኩት፣ ዘይት እየቀባሁት ስቆይ ቅባቱ ቀስ በቀስ ለቀቀ። ቁጥሩም ጥርት ብሎ ወጣ። የሌላ መነጽር ቁጥር ነው።

ያን ጊዜ ብረቱን በማጉያ መነጽር አየሁት። የቁጥሮቹ ምት ጥቁሩን ቀለም ቀዶ ገብቷል። ከሥሩ ብረቱ ያብረቀርቃል። ሰማንያ ዓመት የሞላው ምት እንዲህ አያብረቀርቅም፤ ይጠቁራል፣ ጠርዙም ይለሰልሳል። የ4 ቁጥሩ ቅርጽ ራሱ ጠመንጃው ላይ ካለው 4 ይለያል። አንድ ሰው ብቻውን የሚሸጥ መነጽርና ማቀፊያ ገዝቶ፣ ቁጥሩን በቅርብ ጊዜ በመዶሻ መትቶበታል።

አሁን ሻጮች የምትሉትን አውቃለሁ። «ጦር ሜዳ ላይ መነጽር ይሰበራል፣ ይቀየራል፤ ይህ የተለመደ ነው» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ይቀየራል። ግን የእንግሊዝ ጦር መሣሪያ ጠጋኝ መነጽር ሲቀይር ሰደፉ ላይ ያለውን አሮጌ ቁጥር ይሰርዝና አዲሱን አጠገቡ ይመታል። እንዲህ ሁለት ሦስት ቁጥር ያለባቸው ጠመንጃዎች አሉ፤ እነሱ እውነተኛ ናቸው፣ ታሪካቸውም ተጽፎባቸዋል። የእኔ ላይ ግን ስረዛ የለም። አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፣ ያም ሌላ ነው። ታዲያ የትኛው ጠጋኝ ነው የቀየረው?

«ዓመቱ ተቀራራቢ ነው» የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። ጠመንጃው የ1944፣ መነጽሩ የ1945 ነው። ይህ ለእናንተም ለእኔም ማስረጃ አይሆንም። በ1944 የተሠራ ጠመንጃ በ1945 መነጽር ሊጫንበት ይችላል። የሚፈርደው ዓመቱ አይደለም፣ እንጨቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው።

ስለ ጠመንጃው ራሱ ግን ማንም እንዲያጣጥለው አልፈልግም። በርሚንግሃም አጠገብ ሸርሊ ያለው የቢኤስኤ ፋብሪካ መለያ «ኤም47ሲ» አለበት። ለመነጽር መመረጡን የሚያሳየው «ቲአር» አለበት። ተሠርቶ ማለቁን የሚናገረው «ቲ» በግራ ጎኑ አለ። ከሰደፉ ሥር «ኤስ51» የሚለው የሆላንድ ኤንድ ሆላንድ መለያ ይነበባል። ምቶቹ ሁሉ እኩል ጠቁረዋል፣ እኩል አርጅተዋል። ከ1970 ገደማ ጀምሮ ከእነዚህ ጠመንጃዎች ከፊሉ ወደ 7.62 ሚሊሜትር ጥይት ተለውጠው ኤል42ኤ1 ተብለዋል። በድሮ አካሉ የቆየ ሲገኝ ልብ ይሞላል። አተኳኮሱም ጥሩ ነው።

በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች እዚህ አሜሪካ ለሰብሳቢዎች ሲሸጡ ነበር። የጣሊያኑም፣ የቤልጅጉም፣ የእንግሊዙም። ሰደፉ የተሰነጠቀ፣ በሽቦ የታሰረ፣ ቁጥሩ የተዘበራረቀ ብዙ አየሁ። ገዢው ያን እያየ፣ በዚያው ዋጋ ይወስደዋል። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። መነጽሩ የሌላ ነው ብላችሁ ቁጥሩ ባልገጠመ ጠመንጃ ዋጋ ሽጡልኝ፣ ደስ ብሎኝ እገዛለሁ። ሐሰተኛ ቁጥር መምታት ግን ጠመንጃውን ማቁሰል ነው። ያ ማቀፊያ ብረት በጦርነቱ ጊዜ የተሠራ እውነተኛ ዕቃ ነው። አሁን የማይጠፋ ውሸት ተመትቶበታል።

ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሰደፉን አንገት፣ የማቀፊያውን ብረትና የመነጽሩን ቁጥር በቀን ብርሃን፣ ከቅርብ የተነሳ ፎቶ አስልኩ። አንገቱ «አይነበብም» ከተባላችሁ በለስላሳ ጨርቅና በትንሽ ዘይት እንዲጠረግ ጠይቁ። እምቢ ያለ ሻጭ ቢገጥማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሻጩን የዋጋውን ልዩነት እንዲመልስ ጽፌለታለሁ፣ እስካሁን መልስ የለም። ጠመንጃውን አልመልስም። ከአምስት ኮከብ ለጠመንጃው አምስት፣ ለአሻሻጡ ዜሮ። ማቀፊያው ላይ ያለው ቁጥር በኋላ የተመታ መሆኑን በወረቀት ጽፌ ከመነጽሩ ጋር ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ከእኔ በኋላ የሚይዘው ሰው በዚያ ቁጥር አይሸወድም።