ዲፕኤል እና የጀርመንኛው «እርስዎ»፦ ለደብዳቤ ምን ያህል ይታመናል?

ጀርመን አገር ለጆብ ሴንተር (ለሥራ ፈላጊዎች ድጋፍ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት)፣ ለቤት አከራይ ወይም ለልጅ አስተማሪ የሚጻፍ ደብዳቤ ገና ሲከፈት የሚታየው «ዱ» ይላል ወይስ «ዚ» የሚለው ነው። «ዱ» የኛ አንተና አንቺ ነው፤ «ዚ» ደግሞ እርስዎ። በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የጀርመኗ ከተማ የኮሎኝ የኢንተርኔት ተርጓሚ ዲፕኤል ለዚህ ራሱን የቻለ ምርጫ አለው፤ «ፎርሜል» (በ«ዚ») ወይም «ኢንፎርሜል» (በ«ዱ») ተብሎ ይመረጣል። እዚህ የምንገመግመው ይህንኑ ምርጫ ነው።

ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ሐሳቡን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ጽፎ ከዚያ ወደ ጀርመንኛ ያስተረጉማል። አክብሮቱ የሚጠፋው እዚያ መሐል ነው። «ይላኩልኝ» ብሎ ያሰበ ሰው እንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም፣ እናንተም «ዩ» ይሆኑበታል። ተርጓሚው ካልተነገረው ከአካባቢው ቃላት ይገምታል፤ ሁለት መስመር ብቻ ባላት መልእክት ደግሞ የሚገምትበት ነገር የለውም። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት ሲጻፍ ሁልጊዜ «ፎርሜል»ን መምረጥ ነው።

ምርጫው ሥራውን በደንብ ይሠራል። «ካንስት ዱ ሚር ዳይነ ኡንተርላገን ሺከን» (ሰነዶችህን ልትልክልኝ ትችላለህ?) የነበረው «ክዮነን ዚ ሚር ኢረ ኡንተርላገን ሺከን» ይሆናል። ተውላጠ ስሙ፣ ግሡና አገናዛቢው ሦስቱም አብረው ይዞራሉ። በእጅ የሚያርም ሰው ግን «ዱ»ን ብቻ በ«ዚ» ለውጦ ግሡን ይረሳዋል፤ ያ ማለት «እርስዎ ትችላለህ» እንደ ማለት ነው። ምርጫው ካልተከፈተላችሁ ትርጉሙ ውስጥ «ዱ» የሚለውን ቃል ጫን አድርጉና ከሚመጡት አማራጮች «ዚ»ን ውሰዱ፤ ከዚያ ግሡን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

የ«ዚ» አረባብ ለኛ እንግዳ አይደለም። እኛም «እነሱ ይችላሉ»፣ «እርስዎ ይችላሉ» ስንል ግሡ አንድ ነው፤ ጀርመንኛውም ልክ እንደዚያ ነው። እነሱንና እርስዎን በጽሑፍ የሚለየው ትልቁ ፊደል ብቻ ነው። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ዓይናችን እዚህ ላይ ይዘናጋል። ከዲፕኤል የተቀዳው ጽሑፍ ስልክ ላይ ሲነካካ «ዚ» ወይም «ኢረ» በትንሽ ፊደል ከጀመሩ «ሰነዶችዎ» ያላችሁት «ሰነዶቻቸው» ይሆናል። ከመላካችሁ በፊት እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ እዩ።

ድክመቱ ምርጫው ለጽሑፉ በሙሉ አንድ መሆኑ ነው። ለአስተማሪ በሚጻፍ ደብዳቤ ውስጥ ለልጁ የተባለ ንግግር ካለ፣ ያንን ዓረፍተ ነገር ለብቻው በ«ኢንፎርሜል» ማስተርጎም ያስፈልጋል። አለዚያ የሰባት ዓመት ልጅ «እርስዎ» ተብሎ ይገኛል። የጸሎት ጽሑፍ የሚያስተረጉም ማኅበርም «ኢንፎርሜል»ን ይምረጥ፤ ጀርመኖችም እንደኛው እግዚአብሔርን «አንተ» ነው የሚሉት።

ሌላው ስለ ሦስተኛ ሰው ነው። እኛ በሌሉበትም «ሐኪሟ ነግረውኛል» እንላለን። ጀርመንኛ ለዚህ የአክብሮት ግሥ የለውም፤ ዲፕኤል «ነገረችኝ» የሚል ትርጉም ቢሰጣችሁ ስህተት አይደለም። አክብሮት የጎደለ መስሏችሁ ግሡን ወደ ብዙ ከቀየራችሁት ሐኪሟ ብዙ ሰው ይሆናሉ።

ሰላምታውን ለማሽኑ ባትተዉት ይሻላል። ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ «ዚ» ሆኖ መግቢያው «ሃሎ» ከቀረ ደብዳቤው ይዘበራረቃል። ተቀባዩ ካልታወቀ «ዜር ገኤርተ ዳመን ኡንት ሄረን» (የተከበራችሁ እመቤቶችና ጌቶች) በእጅ ይጻፍ፣ መዝጊያው ላይ ደግሞ «ሚት ፍሮይንትሊሸን ግሩሰን» (ከወዳጅነት ሰላምታ ጋር)።

ስም ላይ ዲፕኤል ምንም አይረዳም። እኛ «አቶ» የምንለው ከራስ ስም ጋር ነው፤ የጀርመኑ «ሄር» ግን የሚከተለው የቤተሰብ ስም ነው። «ቶማስ» የሚባለውን ሰው «ሄር ቶማስ» ብሎ የጻፈ ሰው ማክበሩ ነበር፤ አንባቢው ግን እንደዚያ አያየውም። በተቃራኒው አበበ ታደሰ የተባለ ሰው «ሄር ታደሰ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው በአባቱ ስም መጠራቱ ከመዝገቡ የመጣ ነው፤ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የተሞላው የአባት ስም ነውና። ተርጓሚው የትኛው የራስ፣ የትኛው የቤተሰብ ስም እንደሆነ አይጠይቅም። ከ«ሄር» ወይም ከ«ፍራው» (ወይዘሮ) ቀጥሎ የሚገባውን ስም ሰውየው ወይም ሴትየዋ ከላኩት ደብዳቤ ግርጌ፣ ከፊርማው ሥር፣ የመጨረሻውን ቃል አይታችሁ ራሳችሁ ጻፉት።