ከቀለሙ በታች ያለውን ሳታዩ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት ያላችሁ የሚኒየቸር (የትንንሽ ተዋጊ ምስሎች ጨዋታ) ተጫዋቾች፣ ይህን ሳታነቡ ለማንም ብር እንዳትልኩ። በቴሌግራም «በእጅ የተሠራ፣ የተቀባ፣ ለጨዋታ ዝግጁ የሆነ የሸዋ ተዋጊዎች ቡድን» እየተባለ የሚሸጥ ነገር አለ። ፎቶው ያምራል። በርኖስ የለበሱ፣ የአንበሳ ጎፈር የደፉ፣ ጋሻ ያነገቡ 10 ተዋጊዎች ናቸው። አብሮን የሚጫወት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የዋጋውን ግማሽ ቀብድ ከፈለ። ቀሪውን ደግሞ ዕቃው ላምበረት መኪና ላይ ሲጫን ላከ። የደረሰው ግን ሌላ ነው። ልጁ ከወር ወጪው እየቆጠበ ነው ያጠራቀመው፤ በጣም ነው ያናደደኝ።

ለጨዋታው አዲስ ለሆናችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር አካባቢ የሆኑ ተዋጊዎችን ገጣጥመን፣ ቀብተን፣ ጠረጴዛ ላይ በዳይስ እናዋጋለን። ብዙ ሠራዊት አያስፈልግም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ፍሮስትግሬቭ የተባለ ጨዋታ አንድ ጠንቋይ፣ አንድ ደቀ መዝሙሩ እና ቢበዛ 8 ወታደር ይበቁታል። የየትኛውንም ፋብሪካ ምስል መጠቀምም ይፈቅዳል። ትልቁ ደስታ ያለው ግን ምስሉን መለወጡ ላይ ነው። የአንዱን እጅ ቆርጦ ለሌላው መግጠም፣ በፑቲ (እንደ ሊጥ ተቦክቶ ቆይቶ በሚጠነክር ነገር) ልብስ ማልበስ፣ የራስን አገር ሰው ማስመሰል። ሻጩም ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው የሸዋ ስም የለጠፈበት።

ሻጩ ምስሎቹ ኦሪጂናል ፕላስቲክ እንደሆኑና ለውጡ በሙሉ በእጅ እንደተሠራ ጽፎ ነበር። ሳጥኑን ስንከፍት መጀመሪያ የተቀበለን ሽታው ነው። የኬሚካል ሽታ። ምስሎቹ ጣት ላይ ይጣበቃሉ። ከሥር ጥፍሬን ሳሳርፍ ቀለሙ ተላጠና ግራጫ፣ የሚያሟልጭ ነገር ወጣ። በስሪ ዲ ፕሪንተር የወጣ፣ በደንብ ያልደረቀ ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ገብቶ በብርሃን የሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር) ነው። ጋሻዎቹን ጎን ለጎን ስንደረድራቸው ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ጭረት፣ አንድ ቦታ ላይ አለ። በእጅ የተቀረጸ ነገር እንዲህ አይሆንም። «በርኖስ» የተባለውም የአውሮፓ ፈረሰኛ የሚለብሰው ቆብ ያለው ካባ ነው፤ ጥቁር ቀቡት እንጂ አልነኩትም። የመንዝን በርኖስ የሚያውቅ ሰው ትከሻው ላይ ሾጠጥ ብላ የምትወጣውን ሹል ጫፍ ይፈልጋል። አንዱም ላይ የለችም። የለውጥ ሥራ ተብሎ ግን ለብቻው ተከፍሎበታል።

ሬዚን ራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። በሥርዓቱ ከተሠራ ከፕላስቲክ የበለጠ ዝርዝር ያወጣል። ከፕሪንተሩ ሲወጣ በአይሶፕሮፒል አልኮል መታጠብ አለበት። ከዚያ በአልትራቫዮሌት ብርሃን መድረቅ አለበት። ይህ ካልሆነ ፈሳሹ ቆዳ ያስቆጣል፤ ደጋግሞ የነካው ሰው ላይ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። ውስጡ ክፍት የሆነ ምስል ከሆነ ደግሞ ያልወጣው ፈሳሽ ውስጥ ይቀርና ከጊዜ በኋላ ምስሉን ይሰነጥቀዋል። ከሁሉም የሚከፋው ቀለም መቀባቱ ነው። ቀለሙ ብርሃኑን ስለሚከለክለው ከሥር ያለው ሬዚን ፀሐይ ላይ ብታሰጡትም አይደርቅም። ሻጩ የሸጠው ያላለቀ ሥራ ላይ ክዳን ገጥሞ ነው።

ልጁ ሲደውልለት ምን ቢለው ጥሩ ነው? «የደብረ ብርሃን ብርድ ነው ያበላሸው።» ይህን መልስ እናንተም ልትሰሙት ስለምትችሉ በደንብ ላስረዳ። ከተማችን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል። ብርድ ሥራችንን እንደሚያስቸግር እውነት ነው። ስፕሬይ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚረጨው መነሻ ቀለም) በብርድና በነፋስ ከተረጨ ይሻክራል፤ ፑቲም ለመጠንከር ይዘገያል። ይህ ሁሉ ግን በሥራ ላይ እያለ የሚሆን ነው። አንዴ በደንብ የደረቀ ሬዚን ብርድ ስላገኘው መልሶ አይጣበቅም። ቢበዛ ይበልጥ ተሰባሪ ይሆናል። እንዲያ ያለ ሰው ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ይዋሻል።

ስለዚህ ከማንም ስትገዙ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ ከመቀባቱ በፊት የተነሳ ፎቶ። በእውነት በእጁ የለወጠ ሰው ይህ ፎቶ አይጠፋውም። ግራጫው ፕላስቲክ ላይ አረንጓዴው ፑቲ በግልጽ ይታያል፤ የተገጠመው እጅ በሌላ ቀለም ይለያል፤ ሽቦ የገባበትም ይታወቃል። እንዲያውም እኛ የምንኮራበት ፎቶ እሱ ነው። «ሁሉም ተቀብቷል፣ ፎቶ አላነሳሁም» ካለ ተዉት። ቢያንስ የዛሬን ቀን ወረቀት ላይ ጽፎ ከምስሎቹ አጠገብ አድርጎ እንዲያነሳ ጠይቁት፤ የሰው ፎቶ ወስዶ የሚለጥፍ ብዙ አለ።

ዕቃው እጃችሁ ከገባ ደግሞ ከሥር እዩት። የፕሪንተር ሥራ ከሆነ ሲታተም ምስሉን ደግፎ የያዘው ዘንግ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ትንንሽ ነጠብጣቦች ይቀራሉ፤ ስስ የንብርብር መስመሮችም ይኖሩታል። ከኦሪጂናል የተቀዳ ፎርጅድ ሬዚን የአየር አረፋ ቀዳዳዎች አሉት። የፋብሪካ ፕላስቲክ የሻጋታው ሁለት ግማሾች የተገናኙበት ቀጭን መስመር አለው፤ የፕላስቲክ ማጣበቂያም ያቀልጠዋል። ሬዚንን ያ ማጣበቂያ አይዘውም፤ ሱፐር ግሉ ነው የሚይዘው።

የሚያጣብቅ ምስል አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ በባዶ እጅ አትንኩት፣ ልጆችም እንዳያገኙት። ሳይደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። ለመመለስ ካሰባችሁ አታጥቡት፣ ቀለሙንም አትላጡ፤ እንዳለ ፎቶና ቪዲዮ አንሱት።

ሻጩ «ቀብድ አይመለስም» ብሏል። ይህ በከፊል ብቻ ነው እውነት የሚሆነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እዚህ ደግሞ ገዢው ሐሳቡን አልቀየረም። የመጣለት የተነገረው ዕቃ አይደለም። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ ጠይቁ። ደረሰኝ ስለማይሰጡ የቴሌግራም ንግግራችሁንና የላካችሁበትን የክፍያ ማረጋገጫ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ፤ ሻጩ ከሁለቱም ወገን ሊያጠፋው ይችላል። ልጁ ይህን ሁሉ ይዟል፤ ጥያቄውንም በጽሑፍ ልኳል። እስካሁን መልስ የለም።

በርኖስ የለበሰ ተዋጊ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ለሰው መክፈል አያስፈልጋችሁም። ሰማያዊና ቢጫውን ፑቲ እኩል አድርጋችሁ አረንጓዴ እስኪሆን አዋህዱ፣ በስሱ ዳምጡት፣ ትከሻው ላይ ጣሉት። መሣሪያውን ቫዝሊን ንካ ንካ አድርጉት እንዳይጣበቅ። ሹሏን ጫፍ መጨረሻ ላይ ቆንጥጣችሁ አውጡና እስከ ነገ አትንኩት። የመጀመሪያው ባያምርም ሁለተኛው ያምራል።

ተመሳሳይ ማስታወቂያ የደረሳችሁ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ፎቶውን በውስጥ ላኩልኝ። አብረን እናየዋለን።