ለሆመሯ ካፒቴናችን ምስጋና፣ ሃሊበት ለማጥመድ ላሰባችሁም ጥቆማ

በአንኮሬጅና በአካባቢው ለምትኖሩ ወገኖቼ፦ አንዲት የጀልባ ካፒቴን በይፋ ላመሰግን እወዳለሁ። ስሟ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገች አልጠቅሰውም፤ የምትፈልጓት በግል ጻፉልኝና ስልኳን እሰጣችኋለሁ።

አባታችን ከባሕር ዳር ሊጠይቁን መጥተው ስለነበር ፍልሰታ ሳይገባ አንድ ቅዳሜ ሃሊበት ለማጥመድ ወደ ሆመር ከተማ ልንወስዳቸው አሰብን። ካፒቴኗ ለዚያ ቀን ቦታ ነበራት፤ ገንዘባችንን ተቀብላ ዝም ማለት ትችል ነበር። እርሷ ግን በመጀመሪያ የጠየቀችን የተሳፋሪዎቹን ዕድሜ ነው። ከዚያም «ያ ቅዳሜ ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበት ቀን ነው፤ ውሃው በኃይል ይሮጣል፣ አባታችሁ ይደክማሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ ባለው ሰኞ ኑ» አለችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆመር ያለችበት ኩክ ኢንሌት የባሕር ሙላትና ጉድለቱ በዓለም ላይ እጅግ ሰፊ ከሚባሉት ባሕረ ሰላጤዎች አንዱ ነው። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ የጨረቃና የፀሐይ ስበት ስለሚተባበር፣ ሆመር ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ7 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ጨረቃ በግማሽ በምትታይበት ሰሞን ግን ወደ 3 ሜትር ይወርዳል። ይህ ሁሉ ውሃ በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ገብቶ፣ በሌላ ስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ስለሚወጣ፣ ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ጅረቱ፣ ማለትም የውሃው ሩጫ፣ ይበረታል። ሃሊበት ደግሞ ከባሕሩ ወለል የማይርቅ ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ጅረቱ ሲበረታ 2 ኪሎ የሚመዝን የእርሳስ ክብደት የታሰረበት የማጥመጃ ገመድ እንኳ ከወለሉ ይነሳል፤ ያን ክብደት ደጋግሞ መጎተት ለጎልማሳም ከባድ ነው። ልዩነቱ ጠባብ በሆነ ቀን ጀልባዋ መልሕቅ ጥላ ረጅም ሰዓት ትቆማለች፣ ለስላሳው ጅረትም መንጠቆው ላይ ለማማለያ የሚደረገውን የሄሪንግ (ትንሽ ዓሣ) ሽታ እስከ ሃሊበቱ ያደርሳል። ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ውሃም አይመከርም፤ ሽታውን የሚወስድለት የለም።

የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዡን የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር ብሔራዊ አስተዳደር በነፃ ያወጣዋል። ካፒቴኗ አንድ ነገር አጥብቃ አሳየችን፦ ጉድለቱ ከዜሮ በታች ከሆነ ቁጥሩ ይደመራል እንጂ አይቀነስም። ሙላቱ 6.5፣ ጉድለቱ ከዜሮ በታች 1 ሜትር ከሆነ ልዩነቱ 7.5 ሜትር ነው። ብዙ ሰው የሙላቱን ከፍታ ብቻ አይቶ ይወስናል። ነፋሱንም እንድናይ ነግራናለች፤ ከጅረቱ በተቃራኒ ሲነፍስ ጠባብ በሆነውም ቀን ባሕሩ ይናወጣል።

ሰኞ ዕለት የሆነው እንዳለችው ነበር። አባታችን ጣናን እንጂ ውቅያኖስን አያውቁም ነበር፤ የመጀመሪያውን ሃሊበት ግን ማንም ሳያግዛቸው ራሳቸው አወጡት። ካፒቴኗን «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው» ብለው መረቋት፤ እኛም ተረጎምንላት። እኔም ምስጋናዬን እዚህ ላይ እደግመዋለሁ። ያለ ድካም የምታገኘውን ገንዘብ ትታ ለማታውቃቸው ሽማግሌ ማሰቧን አልረሳውም።

የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ አስቀድማችሁ ግዙ፤ ለእንግዶች የአንድ ቀን ፈቃድ አለ። ጨረቃ በግማሽ የምትታይባቸው የሐምሌ ቀናት ቶሎ ስለሚያዙም በጊዜ ደውሉላት፤ የሚመጡትን ሰዎች ዕድሜ ንገሯትና ቀኑን እርሷ ትምረጥላችሁ።