አኮ «እሺ» ስትል፦ አራት ኪሎ ያገኘነው የቤት ለቤት ነርስ አገልግሎት

ከሜሪላንድ የመጣሁት ለዕረፍት ነበር። ልገመግም ያሰብኩትም ያረፍኩበትን ሆቴል ነው። በ4ኛው ቀን ግን አያቴ አራት ኪሎ አጎቴ ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ አዳልጧት ወደቀች። የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። እናም የምጽፈው ስለ ነርሶች ሆነ።

አኮ ነው የምንላት። በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ዕድሜዋን በሙሉ ሰላሌ ኖራ አዲስ አበባ ከገባች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። አማርኛዋ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። ያልገባት ነገር ሲመጣ የምትመልሰው አንድ ቃል ነው፦ «እሺ»።

ቀዶ ጥገናው የተሠራላት መሀል ከተማ አንድ የግል ሆስፒታል ነው። ሐኪሙ ጎበዝ ነበር። ክፍሉም ንጹሕ ነው። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ሲስተር ትመጣና «እማማ፣ ያምዎታል?» ትላለች። «እሺ።» «ብቻዎን እንዳይነሱ፣ እሺ?» «እሺ።» ፋይሉ ላይ ሕመም እንደሌላት በእንግሊዝኛ ተጻፈ። እኔ ደግሞ አጠገቧ ሆኜ የአልጋውን ብረት ጨምድዳ ይዛ ጣቶቿ ሲነጡ አያለሁ። ታማሚዋ ኦሮምኛ፣ ነርሷ አማርኛ፣ ፋይሉ እንግሊዝኛ።

በሁለተኛው ሌሊት «ፊንጫን» እያለች ተጣራች። ሽንቴ መጣ ማለቷ ነው። ተረኛዋ ውሃ የጠማት መስሏት ብርጭቆ አቀረበችላት። አኮ በዚያ እግሯ ልትወርድ ስትል ለጥቂት ደረስኩ። የኔ ኦሮምኛ ከልጅነት የቀረች ጥቂት ቃል ናት፤ ደግነቱ ያቺ ቃል አለችበት።

በማግስቱ የ12 ዓመቱን የአጎቴን ልጅ አስተርጓሚ አደረጉት። ሰገራ ወጥቷት እንደሆነ ጠይቃት ሲሉት ልጁ አፈረ። ሳይጠይቃት «ደህና ነኝ ትላለች» አለ። ለካ አራት ቀን ሆኗት ነበር። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ሆድ እንደሚያደርቅ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለምሠራ አውቃለሁ። አሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ መሠረቱም የ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የዜጎች መብት ሕግ ነው። ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ልጅን ማስተርጎምም አይፈቀድም። ምክንያቱ ያን ቀን ነው ሆዴ ድረስ የገባኝ።

ስንወጣ የተሰጠን ወረቀትም እንግሊዝኛ ነው። የደም ማቅጠኛው መርፌ «8:00» ይላል። አጎቴ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ብሎ ያዘው። ሐኪሙ ያሰበው ግን ጠዋት 2 ሰዓትን ነው። ያዳነችን ፒያሳ ያለች ፋርማሲስት ናት። «መቼ ነው የምትወጉላት?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ካርቶኑ ላይ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብላ በትልቁ ጻፈችና ከጎኑ ፀሐይ ሳለችበት። እግዜር ይስጣት።

አሁን ወደ ቤት ለቤት ነርሷ ልምጣ። ለድርጅቱ ስንደውል የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኦሮምኛ የምትችል። ላኩልን። ሲስተር የመጀመሪያ ቀን የደም ግፊት መለኪያውን እንኳ ከቦርሳዋ አላወጣችም። በርጩማ ስባ አኮ አጠገብ ተቀመጠች። ስለ ሰላሌ አወሩ፣ ስለ ከብቶቿ፣ ስለ ሞቱት ልጆቿ። በመሀል የት እንደሚያማት፣ ሌሊት ምን እንደሚያስፈራት፣ ሽንት ቤት ማን ቢወስዳት እንደምትመርጥ ሁሉ አወቀች። አኮ ወንድ ልጇ እንዲይዛት አትፈልግም ነበር። ማናችንም ጠይቀናት አናውቅም።

ከዚያ ዕቅዱን ጻፈች። በአማርኛ፣ በእኛ ሰዓት፣ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ በተኛችበት በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ። በዎከር (በሁለት እጅ በሚያዝ ባለ አራት እግር መደገፊያ) ቀስ በቀስ መራመድ። ከታች የአኮ ቃላት በፊደል ከነትርጉማቸው፦ ቢሻን ውሃ፣ ፊንጫን ሽንት፣ ና ዹኩባ ያመኛል። ጎኑ ላይ ከሚስቀው እስከሚያለቅሰው ስድስት ፊቶች አሉ፤ ሕመሟን በጣቷ ታሳያለች። ሲስተር ደግሞ «ገባዎት?» ብላ አትጠይቅም። «እስቲ ያሳዩኝ» ነው የምትለው።

ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። አኮ ወተትና እንቁላል አልቀምስም አለች። ሲስተር አልተከራከረቻትም። ዕቅዱ ላይ «የንስሐ አባቷ ይነገራቸው» ብላ ጻፈች፤ እስከዚያው ምስርና ሽሮ እንዲበዛላት አዘዘች። አባ ከሰላሌ በስልክ በኦሮምኛ አነጋገሯት። ትንሽ አለቀሰች። ማታ ወተቱን ጠጣች።

ጉድለት አለው። ክፍያው በየምልልሱ ስለሆነ ቶሎ ይከማቻል። እሑድ የመጣችው ተተኪ ኦሮምኛ አትችልም ነበር፤ ማንም አስቀድሞ አልነገረን። በግድግዳው ወረቀት ነው የተግባባነው። ስትደውሉ ተተኪዋ ማን እንደሆነች፣ ምን ቋንቋ እንደምትችል ጭምር ጠይቁ።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ያቺው የእሑዷ ነርስ መጣች። እግሯን እያስታጠፈቻት «እማማ፣ ያምዎታል?» አለቻት። አኮ ወረቀቱን አየች። ጣቷን ሁለተኛው ፊት ላይ አድርጋ «ለኪ» አለች። የለም፣ ብዙም አያመኝም ማለቷ ነው።