የልጄ ሸንት፦ ከስምንት ዓመት በኋላ የምለው

ልጄ ከቀኝ ጆሮዋ ጀርባ፣ ከቆዳዋ ሥር ትንሽ ጉብታ አለቻት። ፀጉሯን ሳበጥርላት እዚያ ጋ ስደርስ እጄ ራሱ ያውቀዋል፤ ማበጠሪያውን ቀለል አድርጌ አሳልፈዋለሁ። ሸንት ማለት አንጎል ውስጥ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ወደ ሆድ የሚያፈስ ቱቦ ነው፤ ጉብታዋም ፍሰቱን የምትቆጣጠረው በር፣ ቫልቩ ናት። ከቫልቩ አንዱ ቱቦ ወደ አንጎሏ ይገባል፣ ሌላው በአንገቷና በደረቷ ቆዳ ሥር ወርዶ ሆዷ ውስጥ ያልቃል። ይህ ዕቃ የተገጠመላት በሦስት ወሯ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ተበላሽቶ ሁለቴ ኦፕራሲዮን ሆናለች። ሸንት ሊገጠምለት የታሰበ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ብታውቁት የምለውን ልጻፍ።

መጀመሪያ ምስጋናው ይቅደም። ሸንት ሕይወት ያድናል። የአዋቂ ሰው አንጎል በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ፈሳሽ ያመነጫል፤ በአንድ ጊዜ አንጎልና አከርካሪ ውስጥ የሚገኘው ግን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የመነጨው ሁሉ ወደ ደም እየተመለሰ መሄድ አለበት። መንገዱ ሲዘጋ ይጠራቀማል። የሕፃኑ ጭንቅላት ያለ መጠን ያድጋል፣ እርግብግቢቱ ይወጠራል፣ ዓይኖቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። ይህን ሁሉ በልጄ ላይ አይቻለሁ። ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ገመድ ትዘላለች፣ ከእኔ ጋር ትከራከራለች።

የሲሊኮን ቫልቭን ያመጣው ደግሞ ሐኪም ሳይሆን አንድ አባት መሆኑን ሳነብ አልቅሻለሁ። ጆን ሆልተር የሚባል አሜሪካዊ የማሽን ባለሙያ ነበር። ልጁ ኬሲ እ.ኤ.አ. በ1955 የአከርካሪ ክፍተት ይዞ ተወለደ፣ ጭንቅላቱም ውስጥ ውሃ ተጠራቀመ። ቀዶ ሐኪሙ ዩጂን ስፒትዝ ችግሩ ቫልቩ ላይ መሆኑን ሲያስረዳው፣ አባትየው ፈሳሹን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ራሱ ሠራ። በዓመቱ ሥራ ላይ ዋለ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። የዚህ ዕቃ ትልቁ ጉድለት መበላሸቱ ብቻ አይደለም፣ ሲበላሽ አለመናገሩ ነው። ልጆች ላይ ከሚገጠሙት ሸንቶች ግማሽ ያህሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ችግር ይገጥማቸዋል። የልጄም በሁለት ዓመቷ ተዘጋ። ሌሊት ታስመልሳለች፣ ትነጫነጫለች። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፣ «ሆዷን ነው» ተብለን ተመለስን። በማግስቱ ስጠራት ዓይኗን መግለጥ አቃታት። ሌላ ቦታ ሮጥኩ፣ ሲቲ ስካን ተነሳች፣ የዚያኑ ቀን ኦፕራሲዮን ገባች።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ዶክተሩ የወጣውን ቱቦ በትንሽ ብልቃጥ አድርጎ አሳየኝ። «ይኸው፣ ጥፋተኛው ይሄ ነው» አለኝ። ቀጭን ነጭ ቱቦ ነው። ጫፉ አካባቢ መርፌ የወጋው የሚመስሉ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ከቀዳዳዎቹ በአንዱ ክር የምታህል ሥጋ ገብታ ተቀርቅራለች። በቃ፣ ይህች ናት ልጄን ልትነጥቀኝ የነበረችው። ዶክተሩ እንዳስረዳኝ አብዛኛው ፈሳሽ የሚገባው ጫፉ ላይ ባሉት ሳይሆን ወደ ቫልቩ በሚቀርቡት ቀዳዳዎች ነው። እዚያ ጋ ስበቱ ይበረታል፣ ፈሳሹን የሚያመነጨውም ሥጋ ወደዚያው እየተሳበ ይገባል። ቀዳዳዎቹን በተለያየ ስፋት በመሥራት ፍሰቱን ለሁሉም ለማከፋፈል የሚሞክሩ ዲዛይኖች አሉ። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉ በፊት ሊለፋበት የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ምክንያቱም ቫልቩ ላይ ብዙ ተለፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱ የወጣ ጥናት 344 ልጆችን ይዞ ሦስት ዓይነት ቫልቮችን አወዳደረ፤ በመበላሸት በኩል የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ «አዲሱ ቫልቭ» ሲባል ቶሎ አትደነቁ። በማግኔት ከውጭ የሚስተካከለው ጥሩ ነገር አለው፣ ያለ ኦፕራሲዮን የሚያሳልፈው ፈሳሽ መጠን ይቀየራል። ሰው ሲቆም ከራስ እስከ ሆድ ያለው የፈሳሽ ክብደት ከልክ በላይ እንዳይስብ የሚከላከሉትም ያስፈልጋሉ፣ ከመጠን በላይ መፍሰስ ራስ ያማል፣ ሲብስም አንጎል ዙሪያ ደም እስከ ማፍሰስ ይደርሳል። ግን አንዳንዶቹ በማግኔት የሚስተካከሉ ቫልቮች በተራ ማግኔትም ይዛባሉ። የልጄ አሁን እንደዚህ ያለው ነው። ታብሌቷ ውስጥ ማግኔት አለና፣ ጆሮዋ ሥር አድርጋው እንዳትተኛ ማታ ማታ ገብቼ አያለሁ። ኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሚነሳውን ምርመራ) ከተነሳች በኋላም ቫልቩ የተስተካከለበት ቁጥር እንዳልተቀየረ ሳይረጋገጥ ከዚያ አልወጣም። አዳዲሶቹ መቆለፊያ አላቸው፤ ምርጫ ካላችሁ መቆለፊያ ያለውን ጠይቁ።

ሁለተኛው ብልሽት በስድስት ዓመቷ ነው። ቁመቷ ጨምሮ፣ ቱቦው አንገቷ ላይ ደርቆ ተበጠሰ። ልጅ እንደሚያድግ እየታወቀ ቱቦው ዕድሜ ሲቆጥር እንደ ኖራ መድረቁ ያናድደኛል።

ከልቤ የማመሰግነው ማሻሻያ አንቲባዮቲክ የተነከረበት ቱቦ ነው። በብሪታንያና በአየርላንድ 1605 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አለ። በተራው ቱቦ 6 በመቶ ያህሉ ኢንፌክሽን ያዛቸው፣ የብር ማዕድን በተነከረበት እንዲሁ 6 በመቶ፣ በአንቲባዮቲኩ 2 በመቶ ብቻ። ሸንት ላይ ኢንፌክሽን ማለት ዕቃውን አውጥቶ፣ ሳምንታት ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ እንደገና መግጠም ነው። በሁለተኛው ጥገና ለልጄ የገባላት ይኸው ነው። እናንተም ቀዶ ሐኪማችሁን «ቱቦው አንቲባዮቲክ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

ኮከብ ስጪ ከተባልኩ ለሕይወቷ አምስት፣ ለአሠራሩ ሁለት። የጎደሉትን ሦስት የምሰጠው መዘጋቱን ለሚነግረኝ ሸንት ነው። የማይቻል አይደለም። የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ቱቦው ባለበት ቆዳ ላይ እንደ ፕላስተር የሚለጠፍ ነገር አሳይተዋል። ቆዳውን በጥቂቱ ያሞቃል፣ ፈሳሽ እየሄደ ከሆነ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፣ ካልሄደ ሙቀቱ እዚያው ይቀራል። ይህን የመሰለ ነገር በየቤታችን እስኪገባ ድረስ ያለን እጃችንና ዓይናችን ነው።

ባለፈው እሁድ ማታ «እማ፣ ራሴን» አለችኝ። አጠገቧ ተኛሁ፣ ጣቴን ጉብታዋ ላይ አድርጌ። በየሰዓቱ ቀስቅሼ ስሟን አስጠራኋት። ጠዋት አፍንጫዋ መፍሰስ ጀመረ፤ ጉንፋን ነበር።